ታዬ ይተረጉመው የነበረው የሰይፍ ፊልም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከጠዋቱ 12፡30

ፊቱን አጠብኩት። ሸሚዙን ቀየርኩለት። የአጥሚቱ ግማሽ በቀኝ ከንፈሩ ፈሰሰ፤ ጠረግኩ። ሰባተኛ ወር። አሁንም አንዲት ቃል የለችም። የሚኒባስ ሰልፉ ሳይረዝም መውጣት አለብኝ። አንተም ደብተር ዝም ብለህ ስማኝ፤ ዝም ማለት እዚህ ቤት ተለምዷል።

ትናንት ሐኪም ጋ ነበርን። ባልሽ የምትይውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፤ ስትሮኩ የወሰደበት መናገሩን ነው አለች ዶ/ሯ። እስከ ወሩ መጨረሻ ምንም ካልወጣ፣ የንግግር ልምምዱን ትተን ሥዕል እየጠቆመ መግባባት ይማር። እስከዚያ በቃሉ የሸመደደውን ነገር ሞክሪለት፣ አንዳንዴ እሱ ይቀድማል አለች። አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩለት። አለቀሰ። ተውኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። 12 ሰዓት፣ ከሥራ መልስ

አከራያችን ኦቦ ገመቹ መጡ። አካም ጂርታ ታዬ ብለው ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት። የዶ/ሯን ነገር ስነግራቸው ሳቁ። እንዴ ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ከሰይፉ ፊልም ሌላ ምን ሸምድዶ ያውቃል!

እውነታቸውን ነው። ሳንጋባ በፊት ታዬ እዚሁ ሰበታ፣ ገበያው ጀርባ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ተርጓሚ ነበር። ማይክ ይዞ ለሁሉም እሱ ብቻውን ይናገራል። ለአክተሩ፣ ለጠንቋይዋ፣ አንዳንዴ ለፈረሱም። እንግሊዝኛ አያውቅም። ደግነቱ ተመልካቹም አያውቅም። ኦቦ ገመቹ ያንን ፊልም ዐሥራ አንድ ጊዜ አይተውታል። ካሴቱ ጠፍቷል፤ ግን ፊልሙ አሁን እንደ አዲስ ተሠርቷል፣ ሴት ልጄ ፍላሽ ላይ አላት አሉ።

እኔ የሰይፍ ፊልም አልወድም። ራቁቱን የሚዞር ወንድ፣ ቀንድ ያለው ቆብ፣ ጭስ። ለአንዲት ቃል ግን ሰይጣንም ይሁን፣ ይግባ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከቀኑ 11 ሰዓት

ከፈትንለት። ጎረቤቴ ማርታ፣ ፋብሪካ የምትሠራዋ፣ የጥንቆላ ነገር አላይም፣ ጌታ ይገስጸው ብላ በር ላይ ቆመች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

ሰው ይህን ነገር ለምን እንደሚወድ በግድ ገባኝ። ታሪኩ ይታወቃል፤ ስለዚህ አያስጨንቅም፣ ያስጠብቃል እንጂ። አሁን እባቡ ይመጣል ይላሉ ኦቦ ገመቹ። ይመጣል። የድሮው እባብ የውሃ ጎማ ነበር አሉ፣ የሚጎትተው ሰው እጅ ሁሉ ይታያል። የአሁኑ ሲተነፍስ ሆዱ ይነፋል። ማርታ ጮኸች። ንግሥቲቱ ድሮ መጮህ ብቻ ነበር ሥራዋ፤ የዛሬዋ ሁለት ሰይፍ ይዛ አክተሩን ራሷ ታድነዋለች። እሱም አያፍርም፣ በራሱ ይቀልዳል። ኦቦ ገመቹ ይጣላሉ፤ ፈረሱ ነጭ ነበር! ድልድዩ በእሳት ነበር የተበላው! የተናደዱ መስሎኝ ነበር። ለካ ደስታው እሱ ነው፤ ያወቁትን ነገር ማን ነካብኝ ብሎ መጣላት።

እኔም ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ። ወዲያው ሳቄ አስጠላኝ።

ታዬ? ዐይኑ ፊልሙ ላይ፣ ፊቱ እንደ ግድግዳ። ግማሽ ላይ መብራት ሄደ። ይሂድ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9። ከሰዓት

መብራት መጣ፣ ካቆምንበት ቀጠልን። አክተሩ ጠንቋይዋን ጥግ አስያዛት፣ ሰይፉን አነሳ። ታዬ ግራ እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሳ።

"ተው! እናትህ ናት!"

ድምፁ! የራሱ ድምፅ፣ ያ የማይኩ ድምፅ። ማርታ ሃሌ ሉያ አለች። እኔ እልል አልኩ። ኦቦ ገመቹ ዋቃዮ! ብለው ተነሡ።

አክተሩ አልሰማም፣ ቆረጣት። ኦቦ ገመቹ አበዱ፦ "እናቱን! እነዚህ ሰዎች ታሪኩን አበላሹት!" እንግሊዝኛ የምትሰማው ማርታ ናት፤ ኧረ ኦቦ፣ እናቱ አይደለችም፣ እንዲህ የሚል ነገር የለም አለች። ለካ ባሌ ከሆዱ አውጥቶ ነው! ያ ሁሉ የሰበታ ሰው ይህችን ጠንቋይ የአክተሩ እናት አድርጎ ኖሯል። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ታዬም በግማሽ ፊቱ ሳቀ።

ፊልሙን ዘጋሁትና ፊት ለፊቱ ተንበረከክኩ። እኔ ማን ነኝ ታዬ? ስሜን ጥራው። አፉን ከፈተ።

"ተው! እናትህ ናት!"

ደግሜ ጠየቅኩት። ያው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ውሃ ሲጠማው፣ ተው እናትህ ናት። ሽንቱ ሲመጣ፣ ተው እናትህ ናት። ትራሱ ሲቆረቁረው፣ እሷው። የከፋው እሱም ማወቁ ነው። ሌላ ነገር ሊል እንደነበር ያውቃል። ከተናገራት በኋላ ዐይኑን ይጨፍናል።

አምላኬ፣ አንዲት ቃል ስጠኝ አልኩህ። የትኛዋን ብዬ መምረጥም ነበረብኝ? ምን በደልኩህ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ዶ/ሯ እንኳን ደስ ያለሽ አላለችም። የተሸመደደ ወጣ ማለት ንግግር ተመለሰ ማለት አይደለም፤ ሌላ ላይመጣ ይችላል፣ ተዘጋጂ። ካርዶች ሰጠችኝ። ብርጭቆ፣ አልጋ፣ ሴት። ሴቷን አሳየሁት፦ እኔ ነኝ? እጁን አላነሳም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጮክ ብሎ አላት። ሰው ዞሮ ሳቀ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣ እንደማላውቀው። አፈርኩበት፣ ደብተሬ። በገዛ ባሌ። ይኸው ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ማታ

ኦቦ ገመቹ እንደገና እንየው አሉ። እምቢ አልኩ። የዚያን ፊልም ዐይኑን ማየት አልፈልግም አልኩ። ታዬ ራሱ በግራ እጁ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመ። ምን ላድርግ፣ ከፈትኩ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰው ሆኖ ተቀመጠ። እባቡ ሲመጣ ትከሻው ሸሸ። ቦታዋ ስትደርስ ተናገረ፤ ያን ጊዜ ዐይኑን አልጨፈነም። አንጀቴን የቆረጠው ይሄ ነው። ታዬ ሊል የፈለገውን የሚልባት አንዲት ቦታ ቀረችው፣ እሷንም የሚናገራት ለማያውቀው የፈረንጅ ጎረምሳ ነው። ለእኔ አይደለም። ሃያ ዓመት አብሬው የኖርኩት እኔ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለእኔ አይደለም።

ወሰንኩ። እሁድ የፊልሙን ድምፅ እዘጋለሁ። አክተሩን እኔ እሆናለሁ። ታዬ በዚያ ዘመን ምን ያስብለው እንደነበር ኦቦ ገመቹን አስነግሬ ጽፌያለሁ፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሰልፍ ላይ አጠናዋለሁ፣ ሰው እብድ ይበለኝ። ሰይፉ ሲነሳ ወደ ታዬ እዞራለሁ። "ልቁረጣት?" እለዋለሁ። እሱም ይመልስልኛል።