ሙራድ፣ ሞደሙ እና እኔ

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ዛሬም ተቆረጠ። ሙራድ «ሚስራ፣ አንቺ እኮ ለ…» ብሎ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ለ ምን? ለኔ? ለዘላለም? ለልቤ? አፉ ተከፍቶ፣ አንድ ዓይኑ በግማሽ ተጨፍኖ ስክሪኑ ላይ ተገትሮ ቀረ። ባል ሊሆነኝ ያለው ሰውዬ ሊያስነጥስ ሲል የተነሳ ጉርድ ፎቶ መሰለ።

ሞደሙ ላይ አራት መብራት አለ። ሦስቱ አረንጓዴ። የመስመሩ ግን ብልጭ ድርግም… ብልጭ ድርግም። ነቀልኩት፣ ሰካሁት። ዱዓ አደረግኩበት። መታሁት። እማ ከወጥ ቤት «ከኋላው ምቺው፣ የአባትሽም ሬዲዮ እንደሱ ነበር» አለች። ከኋላውም መታሁት። ምንም።

ሚያዝያ 5፣ እሁድ

የሙራድ አጎት ከአገር ቤታቸው ከሞርሲቶ መልእክት ላከ። ሚያዝያ 26 መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ። ኅዳር ላይ ሽማግሌ ሲልኩ «እናስብበት» ብለን ነበር። ማሰቢያው አለቀ ማለት ነው።

እኔ እንደሆነ ያለኝ አንድ ጥያቄ ነው። አንድ! ኒካህ ከታሰረ በኋላ የት ነው የምኖረው? እሱ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው፣ «ወረቀትሽ እስኪያልቅ ታገሺ» ይላል። እስኪያልቅ ድረስ የት? እዚሁ ሆሳዕና ፋርማሲዬ ውስጥ መድኃኒት እየሸጥኩ? ወይስ ሞርሲቶ እናቱ ቤት ላም እያለብኩ? የጎረቤታችን ልጅ ሃቢባ «ለትንሽ ጊዜ ነው» ተብላ አማቷ ቤት ገባች። ባልየው ይኸው እስከዛሬ። ሰፈሩ ሁሉ «ሃቢባ ያገባችው አማቷን ነው» ይላል። እኔም ስስቅ ነበር… አሁን አልስቅም።

አብራኝ የምትሠራው ገነቴ «በስልክ ጠይቂውና ተገላገይ» አለችኝ። አልጠይቅም። ፊቱን እያየሁ ነው የምጠይቀው፣ ሰው በድምፁ ይዋሻል። የሞባይል ዳታ ደግሞ እኛ ሰፈር ጎድጓዳ ስለሆነ አጥር ላይ ካልተወጣ አይመጣም። አጥር ላይ ተሰቅላ ባል የመረጠች ልባል?

ግን ሙራድን እወደዋለሁ እንዴ? እንጃ። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ቪዲዮ ላይ ሩዝ ስበላ አይቶኝ ነው የፈለገኝ። ሩዝ ስበላ አይቶኝ የወደደኝ ሰው ሌላ የለም። ሳቁም ደስ ይላል፣ የተሰማኝ ያህል።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ዛሬ ቤታችን ውስጥ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ጠፋ።

ወንድሜ ሱልጣን ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ። የሞደሙን ገመድ ቀየረ። ስልኩንና ኢንተርኔቱን የምትለየዋን ትንሽ ሳጥን ቀየረ። ሞደሙን ቁምሳጥን ላይ ሰቀለው፣ አወረደው፣ መስኮት ላይ አስቀመጠው። «ሙቀት ነው» ብሎ የብረት ድስት ክዳን ላይ አስቀመጠው። እማ «አቧራ ነው» ብላ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው። ጮህኩ። «ምነው፣ ቢስሚላህ ብዬ እኮ ነው» አለች።

ገነቴ ቸርች ላስጸልይለት አለች። «የሙስሊም ቤት ሞደም መሆኑን ትነግሪያቸዋለሽ?» አልኳት። «ጌታ አይመርጥም» አለች።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ሠራ! ቀኑን ሙሉ! ሙራድ ጋ ራሴ ደወልኩ። «ደንበኛ በዝቷል፣ ዓርብ» አለና ዘጋ።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

ጠየቅኩት። ወላሂ ጠየቅኩት! ስለ ሱቁ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቱ ጉልበት ሕመም (ስለ እናቱ ጉልበት ስንት ነው የሚወራው?) አውርቶ ሲጨርስ ትንፋሼን ሰብስቤ «ሙራድ፣ ከኒካህ በኋላ የት ነው የምኖረው?» አልኩት።

«ሄሎ?… ሚስራ?… አይሰማም… ሄሎ?»

ከዚያ ቀጥ። ከዚያ ጠፋ።

ሞደሙን ሳየው አራቱም አረንጓዴ። ዘግይቼ ነው ያየሁት መሰለኝ፣ እስካይ ተመልሶ ይሆናል። አናቱን በጥፊ አልኩት። የሞደሙን።

ሚያዝያ 12፣ እሁድ

ጭራሽ የለም። ከጠዋት እስከ ማታ ሲመጣ ሲሄድ። ሙራድ ሲደውል ግንባሩ ብቻ መጣ።

እማ ግን ፊቷ እንደ መብራት። ጓሮ የቀበረችውን ቆጮ ስታገላብጥ ዋለች። ኅዳር ላይ ሽማግሌዎቹ ገና በር ሳይወጡ ነው አዲስ ጉድጓድ ያስቆፈረችው። «የሰርግሽ ነው፣ እንዲህ ያለ ቆጮ ሌሞ ገበያም አይገኝ» እያለች ድንጋዩን አንስታ፣ ኮባውን ገልጣ ታየዋለች፣ ታሸተዋለች፣ መልሳ ትከድነዋለች። እኔ ገና እሺ አላልኩም! ቆጮው ግን እሺ ብሎ አድሯል።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

የጥገናው ሰው በስንት ልመና መጣ። ጋሽ ሽብሩ ይባላል። ገና ሳይቀመጥ «ሬስታርት አድርገሽዋል?» አለኝ። ሱልጣን ባይኖር ኖሮ ሬስታርት የማደርገው እሱን ነበር።

መለኪያውን ሰክቶ አየ። «ከምሰሶው ደህና ይመጣል። እዚህ ሲደርስ የለም። መሃል ላይ ነው። ሽቦው የታል?»

ሁላችንም ቀና ብለን አየን። ሽቦ የለም።

«ቀብሬዋለሁ» አለ ሱልጣን። ለካ ከሁለት ዓመት በፊት ጭድ የጫነ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ሽቦውን እየበጠሰ ሲያስቸግር፣ ሰውዬው መላ መትቷል። በጠስ ያለውን ቀጥሎ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ በጓሮ በኩል መሬት ውስጥ አስገብቶታል።

«ጓሮ የት ጋ?»

«እንሰቷ ሥር ነዋ።»

«የቷ እንሰት?»

ሱልጣን ጓሮውን አየ። አናቱን አከከ። እንደገና አየ። «ምልክት ያደረግኳት እንሰት… በልተናታል መሰለኝ።»

ጋሽ ሽብሩ ዕቃውን ሰበሰበ። «ስታገኙት ደውሉ» ብሎ ሄደ። እኔ ደግሞ እዚያው ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሌላው አገር ምልክት ሲያደርግ ድንጋይ ያቆማል። የኔ ወንድም እራት ላይ ምልክት ያደርጋል።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ሱልጣን ጓሮውን እንደ ዶሮ ጫረው። አንድ ማንኪያ፣ አንድ የልጅ ጫማ። ሽቦ የለም። ቆጮው ጉድጓድ አጠገብ ሲደርስ እማ በሀዲይኛ የማይጻፍ ነገር ብላ አባረረችው።

ሙራድ ደወለ። «አሰላሙ…» ላይ ተቆረጠ።

ሳልስቅ ልጻፈው። ፈርቻለሁ። እሁድ ሳምንት አጎቱ ይመጣል፣ እኔም ሳላውቅ «እሺ» እላለሁ፣ ሰው ሁሉ እልል ይላል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሞርሲቶ ከላም ሥር ብድግ ስል አርባ ዓመት ሞልቶኛል። እማን «ብጠይቅ ምናለበት?» ስላት «አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለችኝ። ዘንዶ ከሆነማ አሁኑኑ ይውጣ!

ሚያዝያ 19፣ እሁድ

አገኘነው። አላህ የሚያስቅ ነገር ሲያመጣ እንዲህ ነው።

ከሰዓት ነው። ሞደሙ ፊት ተቀምጫለሁ፣ አራቱም አረንጓዴ። ከጓሮ ድንጋይ ሲነሳ ተሰማኝ… ግው። የመስመሩ መብራት ድርግም። ጠበቅኩ። ድንጋዩ ሲመለስ… ግው። መብራቱ መጣ።

በባዶ እግሬ ሮጥኩ። «እማ! ምን ነካሽ?»

«ምን ነካሁ፣ ቆጮዬን ነዋ!»

«እስቲ ግለጪው!» ገለጠች። ሱልጣን ከመስኮት «ጠፋ!» አለ። «ክደኚው!» ከደነች። «መጣ!» «ግለጪ!» «ጠፋ!» የጎረቤት ሰው አጥር ላይ ተሰበሰበ። አንዷ «ሚስራ ከመድኃኒቱ ቀምሳለች እንዴ?» ስትል ሰምቻለሁ፣ ድምፅሽን አውቄዋለሁ።

እማ ጉድጓዱን አየች፣ እኔን አየች። «ያቺን ገመድ ነው እንዴ የምትፈልጉት? እሷንማ ኅዳር ላይ ሳስቆፍር አገኘኋት። እንዳትቆሽሽ ብዬ በኮባ ጠቅልዬ፣ በቃጫ አስሬ፣ ከክዳኑ ጋር አስቀመጥኳት።»

ክዳኑ በተነሳ ቁጥር ገመዷም አብራ ትነሳለች። የሱልጣን ቅጥያ የቆጮ ውኃ ሲጠጣ ከርሟል። ፌስታሉን ስንፈታው መዳቡ ከሞደሙ መብራት የበለጠ አረንጓዴ ሆኗል። የሰርጌ ቆጮ ሰርጌን ሲበላ ነበር ማለት ነው።

እማ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «አንቺን ለማክበር ብዬ እኮ ነው።» አቀፍኳት። ቆጮ ቆጮ ትሸታለች። እኔም አለቀስኩ፣ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ጋሽ ሽብሩ አዲስ ሽቦ በአጥሩ በኩል በፕላስቲክ ቱቦ ዘረጋ። የድሮውን ጫፍ አሸተተና «ይሄማ ዳጣ ብቻ ነው የቀረው» አለ። እማ ለካሳ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችው።

አራት አረንጓዴ መብራት። ጉድጓዱ ተገልጦም አረንጓዴ።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

አሁኑኑ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ነገር ነው የሚመስለኝ።

ሙራድ ከሱቁ ሆኖ ደወለ። ጥራቱ! ከኋላው ያለው የብስኩት ካርቶን ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል፣ የጣሪያው ፋን ሲዞር ይታያል። እማ ካሜራው የማያያት ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። «አልሰማሽም» እያለች ጆሮዋ እኔ ጋ ነው።

«ዛሬ ደግሞ እንዴት ቆንጆ ሆኖ ይታያል!» አለ፣ ትንሽ ደንገጥ ብሎ። ከዚያ ስለ ሱቁ። ከዚያ ስለ ጉልበቱ፣ የእናቱ። ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ «ሁሌ የምልሽን ልበልሽ? ሚስራ፣ አንቺ እኮ ለእናቴ ነው የተፈጠርሽው።»

ለእናቴ! ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኳት «ለ» ይቺ ናት።

«ሙራድ» አልኩት፣ «ከኒካህ በኋላ የት ነው የምኖረው? እዚህ ሥራዬ ላይ ነው ወይስ ሞርሲቶ?»

ቀጥ አለ። አፉ በግማሽ ተከፍቶ፣ አንድ ዓይኑ ጨፈን ብሎ። «ሄ…ሎ… አይሰ…» አለና ድርቅ።

ሞደሙን አየሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አረንጓዴ።

ስክሪኑን አየሁ። ፋኑ ይዞራል።

እየዞረ ነው! ሰውዬው ደርቋል፣ ፋኑ ይዞራል! እኔም ትንፋሼን ይዤ ሳየው፣ ከጎን የደንበኛ እጅ ገባ። ገንዘብ ዘረጋ። የሙራድ ፊት ንቅንቅ አላለም፣ ዓይኑም አልተገለጠም፣ እጁ ግን ቀስ ብሎ ከታች ወጣና ዳቦ አቀበለ። መልስም ሰጠ።

እማ ቢላዋውን አስቀመጠች። መጥታ አጠገቤ ቆማ ስክሪኑን አተኩራ አየች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ከዚያ ሽንኩርቷ ጋ እየተመለሰች፣ «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» አለች።

መስማቱን ግን ሰምቷል። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ተቆረጠ።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ፋርማሲው ውስጥ ከመደርደሪያ ጀርባ አለቀስኩ። ገነቴ የአፍንጫ መጥረጊያ አቀበለችኝ፣ ምንም አልጠየቀችም። ስለዚህ ሁሉን ነገርኳት።

የሚያናድደኝ «ሞርሲቶ» ቢለኝ ኖሮ እኮ አስብበት ነበር! እንከራከር ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እሺም ልል እችል ነበር። ያን ያህል ግን ሰው አልመሰልኩትም። ስንት ጊዜ ነው ሞደሙን የመታሁት? ከተቆረጠው ሁሉ ስንቱ የቆጮው ነበር፣ ስንቱ የሱ?

ማታ ሞደሙን በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩት። ይቅርታ ጠየቅኩት።

ሚያዝያ 26፣ እሁድ

አጎትየው መጣ። ከሽማግሌ ሁለት ጨምሮ። እማ የቡላውን አተካና በቅቤ አርሳ፣ ቆጮውን ከአይብና ከጎመን ጋር አቀረበች። ሰርግ ነው የሚመስለው። እኔ ጓዳ ሆኜ በሩ ላይ ተለጥፌ እሰማለሁ። ትረሳው ይሆን? ትፈራ ይሆን? አምስት ወር የደከመችበት እኮ ነው።

በልተው ሲጨርሱ አጎትየው ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ መልሳችሁን…» አለ።

«ልጄ ጥያቄ ጠይቃለች» አለች እማ። «መልስ የሚጠብቀው የእኛ ቤት ነው።»

«እዚያ አገር ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው…»

«አዎ። ዳቦ ግን ይሸጣል።»

አጎትየው ደህና ሰው ነው፣ ነገሩ ገባው መሰለኝ አንገቱን ደፋ። ሱልጣን እጅ ሲያስታጥባቸው አንዱ ሽማግሌ «ይቺ ቆጮስ? ለሰርጉ አልነበረም እንዴ?» አለ።

«ለሰርጓ ነው» አለች እማ። «ቆጮ ደግሞ ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው።»

ጓዳ ውስጥ ቁጭ አልኩ። እማ ገብታ የተረፈውን አተካና ፊቴ አስቀመጠችና «ብዪ፣ ሩዝ ብቻ ነው እንዴ የምትችዪው?» አለችኝ።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

ደወለ። በሰዓቱ። ጸጉሩን ተቆርጧል።

አራት አረንጓዴ መብራት። ሱልጣን ጠረጴዛው ላይ ሻይ ይጠጣል።

«ሚስራ፣ ያን ነገር አስቤበታለሁ» አለ ሙራድ። «እናቴም እሺ ብላለች። እዚያው ሆሳዕና፣ ሥራሽ ላይ… ያልሽው ይሁን። ምን ትያለሽ?»

አፌን በግማሽ ከፈትኩ። አንድ ዓይኔን ጨፈን አደረግኩ።

«ሄሎ?… ሙ…ራድ?… አይሰ…»

«ሚስራ? ሚስራ!»

ሱልጣን «ስኳር አቀብይኝ» አለ። ፊቴን ሳላንቀሳቅስ አቀበልኩት።