ማንጎራጎርሽን ወርሼ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ፣ ወገብሽስ እንዴት ነው? አባዬስ ሳሉ ተሻለው? ያቺ የስፌት መኪናሽስ አሁንም ክር እየበጠሰች ታናድድሻለች? እኔ ደህና ነኝ። ልጅቷም ደህና ናት፤ ግንባሯ ቁርጥ ያንቺ ነው።

በስልክ «በሰላም ተገላገልኩ» ብዬ የዘለልኩትን ዛሬ ልንገርሽ። የወለድኩት በቀዶ ሕክምና ነው። ወገቤ ላይ መርፌ ወጉኝና ከደረቴ በታች ያለው አካሌ የሌላ ሰው ሆነ። ነቅቼ እያለሁ ልጄን ከመጋረጃው በላይ ብድግ አድርገው አሳዩኝ። መድኃኒቱ እስከ ማግስቱ ሕመሙን ያዘልኝ፤ አፍንጫዬን ከማሳከኩ በቀር ምንም አላለኝም። አዋላጇ ግን፣ ይሄ ሲለቅሽ እንዳትኮሪ፣ ሕመሙ ሳይበረታ ንገሪን ብላኝ ነበር።

በማግስቱ ለቀቀኝ። ነርሷ ከአስር ስንት ያምሻል ስትለኝ ሁለት አልኳት። እውነቱ ስምንት ነበር። ምን ላድርግ፣ አንቺ ቤት ነው ያደግኩት! መርፌ ጣትሽን ሲወጋሽ፣ ወገብሽን ሲቆርጥሽ፣ ወይኔ ማለት አታውቂም፤ ያቺን ቃል የሌላትን ዜማ ታንጎራጉሪያለሽ። እኔና እህቴ ከጠረጴዛው ስር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምን እንሰማሻለን። ያ ጊዜ እንዴት ይናፍቀኛል መሰለሽ። ዜማው ከፍ የሚለው ሲብስብሽ እንደሆነ የገባኝ ግን ካደግኩ በኋላ ነው።

ታዲያ እኔም ሳይታወቀኝ ማንጎራጎር ጀመርኩልሽ። ነርሶቹ ደስታ መስሏቸው «ዘፋኟ» ብለው ስም አወጡልኝ፤ ሁለት ያልኳቸውንም አምነው ቀላሉን ክኒን ብቻ ሰጡኝ። ኋላ ልጄ ስታለቅስ ላነሳት እጄን ዘረጋሁ። ስንዝር ሲቀረኝ የተሰፋው ቦታ ጨምድዶ ያዘኝ። አጠገቧ ሆኜ ልደርስላት አልቻልኩም። ያኔ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ደወሉን ተጫንኩና ስምንት ነው አልኩ። አዋላጇ አልሳቀችብኝም፤ ጠንከር ያለውን መድኃኒት ሰጠችኝ። ብዙም ሳይቆይ ልጄን ታቅፌ አለቀስኩ፤ ከሕመሙ ሳይሆን ስለናፈቅሽኝ።

አባዬን ግንባሩን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ተኳሹንም ሰላም በይልኝ። እህቴን፣ የላከችው ኮፍያ ዛሬ ደረሰኝ፣ ለልጅቷ ልክክ አለላት በያት። ትናንት ስንደዋወል፣ እማዬ ሰሞኑን ደስ ብሏታል፣ ከመኪናዋ ጋር ቀኑን ሙሉ ታንጎራጉራለች አለችኝ።

እማዬ፣ እሷን እንጂ እኔን አታታልይኝም። ከአስር ስንት ነው? እውነተኛውን ቁጥር ጻፊልኝ።

ልጅሽ

መስኮቱ ዳር ካለው አልጋዬ፣ የካቲት 9 ቀን