የጋሼ ልክ በአልበሙ ሽፋን ላይ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ፤ እንደምን ሰንብተሻል? ያ ራስ ምታትሽ ተወሽ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? እኛ ከሐዘኑ በቀር ደህና ነን። አባባ ወደ ስፌት ማሽኑ ተመልሷል፤ እማዬም እህል መቅመስ ጀምራለች። እኔም ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ የተማርኩትን ግን አትጠይቂኝ።

የምጽፍልሽ ስለ ሟቹ ወንድማችን ስለ ጋሼ አልበም ነው። ከእሱ ጋር ሬዲዮ እየፈታቱ በኮምፒውተር ያንን ጩኸት ይሠሩ የነበሩት ሁለቱ ጓደኞቹ የጀመሩትን ጨርሰውታል። አባባ ድሮ «ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ ወፍጮ ነው የታመመው?» ይላቸው ነበር፤ አሁን እሱ ራሱ ከፍቶ ይሰማዋል። ልጆቹ የጋሼን ፎቶ ሽፋኑ ላይ እናውጣ ሲሉ እኔ እምቢ አልኩ። ጋሼ «ሰው ፊት ካየ ጆሮውን ይዘጋል» እያለ በአንዱም ሽፋን ላይ ፊቱን አላወጣም። አባባ ግን «ልጄን ሁለቴ ልትቀብሩት ነው?» ብሎ ተቆጣኝ፤ ሦስት ቀንም አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን ልብስ ከመቁረጡ በፊት ልክ የሚያወጣበትን ቡናማ ወረቀት ከመደርደሪያው አወረደና «በሉ እንካችሁ፤ ፊት የለውም፣ ግን እሱ ነው» አለን። የጋሼ የመጨረሻ ኮት ልክ ነበር፤ ትከሻው፣ እጅጌው፣ አባባ በእርሳስ የጻፋቸው ቁጥሮችም ሳይቀሩ። ልጆቹ ፎቶ አንስተው ሽፋን አደረጉት። እንደሱ ያለ ሽፋን አይቼ አላውቅም።

እትዬ፣ ጣጣው ቁጥሮቹ ላይ ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆንሽ እንዳየሻቸው ይገባሻል። አንቺ ስትሄጂ ደረቱ ዘጠና አራት ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ሰባ ስድስት ይላል። በድንገት ሞተ ያልንሽ ውሸት ነው። ሰባት ወር ታሟል። እማዬ «በሰው አገር ሆዷ እየባባ እንዴት ትሠራለች?» ብላ አስማለችኝ። ስትደውዪ «ሥራ ሄዷል» የምልሽ እሱ አጠገቤ ተኝቶ ድምፅሽን እየሰማ ነበር። አንድ ቀን ስልኩን እንድሰጠው እጁን ዘረጋ። እኔ መሐላዬን ፈርቼ ዘጋሁት። መስመሩ ተቋረጠ ያልኩሽ ያን ቀን ነው።

አልበሙ በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ልጆቹ ቁጥሮቹን ማጥፋት ይቻላል ብለውኛል። ይቆዩ ካልሽ ይቆያሉ፣ ይጥፉ ካልሽ ይጠፋሉ። በእኔ ብትቀየሚ እውነት አለሽ።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን፣ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። አባባ «ልጄን ሳምልኝ» ብሏል። የጋሼ ጓደኞችም ሰላም ብለውሻል። እማዬ ይህን መጻፌን ስለማታውቅ የእሷን ሰላምታ ልጽፍልሽ አልቻልኩም።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአባባ ስፌት ቤት፣ ቅዳሜ መጋቢት 12 ቀን