የማይገጥመው ቀዳዳ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ
ደሴ ብርድ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት። ጃኬት ለብሼ ወጣሁ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ አወለቅኩ። አባ ከጎኔ እንቅልፉን ሲለጥጥ መጣ። የአባ ብረታ ብረት ወርክሾፕ በር ላይ ስንደርስ እንደ ሁልጊዜው "ደረስን እንዴ?"

ከሰዓት ወይዘሮ ሰርክአዲስ መጣች። ደሴ ለተማሪዎች ቤት ታከራያለች። ስልሳ ተደራራቢ አልጋ ትፈልጋለች። የአባን አልጋ ትወደዋለች፤ ሌላ ቦታ ግን በአንድ አምስተኛ ቀንሰው ሊሰሩላት ነው። "አንድ ወር እጠብቃለሁ። ለአባትሽ ለጋሽ ጀማሉዲን ብዬ ነው" አለች። ይህ ስራ ካመለጠን ወርክሾፑ ይዘጋል። ስድስት ሰው ነን። አባ "አላህ ያውቃል" ብሎ ወደ ብየዳው ተመለሰ። አላህማ ያውቃል... እኛስ?

ጥቅምት 6
ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ አየሁ። አንድ አልጋ ከብረት ቆረጣ እስከ ቀለም ስንት ሰዓት ይፈጃል? ብረቱን አላሳንስም፣ የሰው ልጅ ይተኛበታል። መቀነስ ያለበት ድካሙ ነው። አራቱ እግሮች አራት ዓይነት ናቸው... ለምን? አንድ ዓይነት ቢሆኑ የትኛውም የትም ይገባል። ብሎኑም ሃያ አራት። በመንጠቆ ብናያይዘው ስምንት ይበቃል። እየሳልኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ለካ ኮሌጅ ንድፍ የተማርኩት ለዚህ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እትዬ ከይሪያ ከጠዋት እስከ ማታ ቀዳዳ በሞረድ ትሞርዳለች። ለምን? በያጃችንን ምንይሉን ጠየቅኩት። "ስራዋ ነዋ" ብሎ መነጽሩን አወረደ።

ጥቅምት 7
ደረስኩበት። ቀዳዳ የሚመታበት መለኪያ ብረት ሁለት ሚሊ ስቷል። አባ ራሱ ነው የሰራው፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት። ከዚያ ወዲህ የተበሳ እግር ሁሉ አይገጥምም። ከይሪያ እየሞረደች ታስገባዋለች። በአንድ አልጋ ሁለት ሰዓት... ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።

"እትዬ፣ ለምን አልነገርሽውም?"
"ምን ብዬ? ተሳስተዋል ልበላቸው? ከወረባቦ ባዶ እጄን ስመጣ ስራ የሰጡኝን ሰውዬ?" ሞረዷን መልሳ አንስታ፣ "ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።"

ምንይሉም ያውቃል። ሁሉም ያውቃሉ። አባን ላለማሳፈር... ወይ ይሉኝታ። ተናደድኩ። ደግሞ እንባዬ መጣ። እንዲህ የሚወደድ አባት አለኝ። ዝምታው ግን እኛ ቤት ነቅዟል።

ጥቅምት 8
እንዴት ብዬ ልንገረው? አልነገርኩትም።

ጥቅምት 11
አሁንም አልነገርኩትም። ሰርክአዲስ ደወለች።

ጥቅምት 13
ነገርኩት። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ዳገቱ ላይ። ፊቱን እንዳላይ ወደ መስኮቱ ዞሬ።
"አባ፣ መለኪያው ብረት ሁለት ሚሊ ስቷል።"
"አውቃለሁ" አለኝ።

ዞር ብዬ አየሁት።

"በሁለተኛው ወር ነው ያየሁት። ላስተካክለው ብረቱን አነሳሁ። ቀና ስል ከይሪያ ትሞርዳለች። ባሏ ሞቶባት፣ ሁለት ልጅ ይዛ... ያኔ ከሞረድ በቀር የምትችለው ስራ አልነበረም። ቀዳዳው ከገጠመ ምን ብዬ አቆያታለሁ? እንዲሁ ብሰጣት አትቀበልም፣ ኩሩ ናት።"
"እሷ እኮ ዝም ያለችው አንተ እንዳታፍር ብላ ነው።"
"ከይሪያ?"

ፒያሳ ስንወርድ ዓይኑን በፎጣው ጫፍ ጠረገ። "ነፋሱ ነው" አለ። መስኮቱ ዝግ ነበር።

እዚህ ላይ ልጻፈው፣ በአፌ አልነግረውማ። አባቴን እወደዋለሁ። ግን አዲሱ ንድፍ የሚሞረድ ነገር የለውም። ስልሳውን አልጋ ለማግኘት የከይሪያን እንጀራ በእርሳሴ ልሰርዝ ነው?

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ
አባ ሁሉንም ሰበሰበ። "መለኪያው ስቷል። የሳትኩት እኔ ነኝ" አለ። ማንም አልደነገጠም። ምንይሉ "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" ብሎ ሳቁን በጓንቱ ሸፈነ።

"ከይሪያ፣ ሞረዱን አስቀምጪው" አላት አባ። ፊቷ ልውጥ አለ።
"ልሂድ ማለት ነው?" በቀስታ። ልጆቿን እያሰበች እንደሆነ ገባኝ።

ሌሊቱን ያሰብኩትን እኔ ተናገርኩ። "የትም አትሄጂም። የማይገጥመውን ከማንኛችንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ መጀመሪያ አንድ ናሙና እንሰራለን፣ አንቺ ትገጥሚዋለሽ። ሳታሳልፊው ሌላ አይቆረጥም።"
"እኔ ንድፍ ማንበብ መች እችላለሁ?"
"እጅሽ ያነባል።"
"አብሽሪ" አላት አባ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

ኅዳር 2
አዲሱ አልጋ ቆመ። እግሮቹ አንድ ዓይነት፣ ብሎኑ ስምንት፣ ሞረድ የለም። ከይሪያ ሁለት ጊዜ ፈታታችው፣ ሁለት ጊዜ ገጠመችው። አንዱን መንጠቆ ጠበብ ይበል ብላ አሳረመችኝ። ሰርክአዲስ ላዩ ላይ ወጥታ ተወዛወዘች፤ ንቅንቅ አላለም። የጠየቀችው ዋጋ ላይ ደረስንላት። ፈረመች። አልሐምዱሊላህ።

ኅዳር 15
ለእነዚያው ተማሪዎች የማጥኛ ጠረጴዛም ታዘዝን። ዛሬ ናሙናው ደረሰ። ከይሪያ ዞረችው፣ ነቀነቀችው፣ ወንበር ስባ ተቀመጠችበት። ከዚያ በሁላችን ፊት "ጋሼ፣ ይህ ተሳስቷል" አለች። "መሳቢያው ጉልበት ይመታል።"

ምንይሉ እንኳን ስራውን አቆመ። አባ ንድፉን አንስቶ አየው። ፂሙን እየነካካ "ለሳለችው ንገሪያት" አላት።

የሳልኩት እኔ ነኝ።

ከይሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ወደ እኔ አየች። ከዚያ እጇን አወረደችና ደገመችልኝ።