ያላነበብኩልሽ የመድኃኒት ወረቀት

ውድ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው፤ አስተማሪያችን ግን "እንዳንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም" ብላኛለች። በምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ልጅሽ ስታነብልሽ አንድ መስመር እንኳ እንዳትዘል።

እሷ ዘንድ ከሄድሽ ወዲህ የጨጓራ ሕመምሽ እንደተመለሰ፣ "ያ መድኃኒት ውሸት ነው፣ ሁለተኛ አልውጥም" እንዳልሽም በስልክ ነገረችኝ። እኔም የማጸዳው ላቦራቶሪ ውስጥ ባለሙያዋን በጥያቄ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኋት። ትናንት "ና እስቲ፣ ራስህ እየው" ብላ ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሰችኝ።

እትዬ፣ አየሁት። ኤች ፓይሎሪ የሚሉት ባክቴሪያ ነው። ከስፌት መኪናሽ ሥር እንደሚረግፈው የክር ቁራጭ ጥምዝ ጥምዝ ያለ ነገር ነው።

"እህቴን ያጎበጣት ይሄ ነው?" አልኳት።

"እሱ ነው። የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላል።"

"የጨጓራ አሲድ ሥጋ ይፈጭ የለም እንዴ? እሱን እንዴት ማረው?"

"በዙሪያው ያለውን አሲድ የሚያበርድ ነገር ራሱ ያመነጫላ።"

ብልጥ ነኝ ስል ኖሬ፣ ለካ ከእኔ የባሰ ብልጥ አለ።

"ታዲያ በመድኃኒት አይሞትም?"

"ዐሥራ አራቱም ቀን ከተዋጠ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። መሃል ላይ ከተቋረጠ ግን የተረፈው ይራባል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል።"

ቤት ገብቼ የስፌት መኪናሽን መሳቢያ ከፈትኩ። የመድኃኒቱ ወረቀት ከአዝራሮቹ ሥር እንደታጠፈ ነበር። ታስታውሻለሽ፣ በአምስተኛው ቀን ሕመሙ ተወሽ፤ ኪኒኑ አፍሽን ስላመረረው "እስቲ አንብብልኝ፣ ልተወው?" አልሽኝ። ያኔ ትምህርት ከጀመርኩ ሳምንቴ ነበር። ፊደል ጨረስኩ ብዬ ሰፈሩን አሰልችቼ ነበር፤ የማውቀው ግን ሀን እና ለን ብቻ። ወረቀቱን ዘርግቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "ከተሻልዎ ያቁሙ ይላል" አልኩሽ። አንቺም "ወንድሜ አነበበልኝ" እያልሽ ለጎረቤት ኮራሽብኝ።

ትናንት በእውነት አነበብኩት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። "ቢሻልዎትም ሳያቋርጡ ይጨርሱ" ነው የሚለው።

መድኃኒቱ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፣ ምላሴ ነገር ማሳመር ለምዶበታል። እጄ ግን ለጽሕፈት አዲስ ስለሆነ መዋሸት ገና አልቻለበትም።

የተረፈውን ኪኒን እንዳትውጪ። መድኃኒቱን ያዘዘችልሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂና እንደገና ተመርመሪ፤ በአምስተኛው ቀን እንዳቆምሽም ንገሪያት። ለምን ካለችሽ ይህን ደብዳቤ አሳያት፤ እግረ መንገዷንም ጽሕፈቴን ታያለች።

ቅዳሜ እመጣለሁ። አዲሱን ወረቀት አጠገብሽ ቁጭ ብዬ፣ ጣቴን ከቃሉ ሳላነሳ አነብልሻለሁ። ልጅሽም ከጎኔ ሆና ትቆጣጠረኝ።

ቀስ ብሎ የሚያነበው ታናሽ ወንድምሽ