ለባለቤቴ የሚገባት ወንበር

ቀን፦ ሰኞ፣ ሰኔ 9

ለመሥሪያ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በቧንቧ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ደብዳቤ በማረም ላይ ስለምገኝ ወደ ሙያዬ እንድመለስ፣ የያዝኩትም ወንበር ለሚገባው ሰው እንዲሰጥልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በሙያዬ የቧንቧ ሠራተኛ ስሆን፣ ወደዚህ መሥሪያ ቤት ያመጣኝም በሩ ላይ የተለጠፈው “ልምድ ያለው የቧንቧ ሠራተኛ እንፈልጋለን” የሚል ማስታወቂያ ነው። ከማመልከቻዬ ጋር ያያያዝኩት ሲቪ አንድም የፊደል ስህተት አልነበረበትም። በደሌ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

2. ሲቪውን ያረመችልኝ ባለቤቴ ናት። ማተሚያ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ በአራሚነት ስታገለግል የኖረች በመሆኗ፣ ጽሑፍ የምታነበው እንደ ሌላው ሰው አይደለም። መጀመሪያ ስልክ ቁጥሩንና ዓመተ ምሕረቱን ትፈትሻለች። ቀጥሎ ከግርጌ ወደ ላይ፣ ቃል በቃል፣ የቀረውን በማስመሪያ ሸፍና ታነባለች። ከዚያ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብላት ታደርጋለች፤ አሳድራም ጠዋት እንደገና ታየዋለች። ሰው የራሱን ጽሑፍ ሲያነብ ሊል ያሰበውን ነው የሚያየው፣ የግድ ሌላ ዓይን ያስፈልገዋል ትላለች። ለአንድ ገጽ ወረቀት ይህን ሁሉ ጣጣ ሳይ፣ “የኔ እመቤት፣ የምቀጠረው ቧንቧ ልጠግን እኮ ነው” ብያት ነበር። አልሰማችኝም።

3. የሰው ሀብት ኃላፊው ሲቪዬን እንዳዩ ከመቀመጫቸው ተነስተው ጨበጡኝ። ለሒሳብ ሹምነትና ለሕግ ባለሙያነት ከቀረቡት ሁሉ ንጹሑ የኔ መሆኑን ገልጸውልኝ፣ “አንተ እዚያ ቧንቧ ስር ገብተህ ልትባክን? በጭራሽ!” አሉ። በዚያው ቀን ወጪ ደብዳቤዎችን ሁሉ እንዳርም ተመደብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ መከራከር ሲገባኝ ሄጄ ተቀመጥኩ። ወንበሩ የሚሽከረከር ነበር፤ ዕድሜውን ተንበርክኮ ለሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

4. ክቡርነትዎ እንደሚገምቱት፣ ደብዳቤዎቹን የማርማቸው እኔ አይደለሁም። በመፍቻ ቦርሳዬ ይዤ ቤት እገባለሁ፣ ባለቤቴ ታርማለች፣ ጠዋት መልሼ አመጣለሁ፣ ምስጋናውን ግን እኔ እቀበላለሁ። ምርጥ ሠራተኛ ተብዬ የተሸለምኩት የግድግዳ ሰዓት ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ባለቤቴ ሰዓት ሲያስፈልጋት ስልኳን ታያለች።

5. በዚህ መሐል የሦስተኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ማፍሰስ ጀመረ። የቧንቧ ሠራተኛ እንዲቀጠር የሚጠይቀው ደብዳቤ ለእርማት የሚመራው ወደ እኔ ነው። መፍቻ ይዤ ብነሳ፣ “እጅህ ይቆሽሽና ወረቀቱን ታበላሻለህ” ተብዬ ከደረጃው ተመለስኩ። አሁን ውሃው ከሥሩ ያለውን የቢሮዬን ጣሪያ አልፎ ጠረጴዛዬ አጠገብ ባልዲ ውስጥ ይጠራቀማል። ባልዲውን የምደፋው እኔ ነኝ፤ እሱ አልተከለከለም።

6. ወደ ዋናው በደል ልግባ። ባለፈው ወር መሥሪያ ቤቱ ረዳት የደብዳቤ አራሚ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። የሚረዳው እኔን መሆኑ ነው። ባለቤቴም አመለከተች። ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ዋዜማ ግን የዓመቱን ሪፖርት “ለነገ ይድረስ” ተብዬ ተሸክሜ ገባሁ። የራሷን ሲቪ ወደ ጎን ትታ የመሥሪያ ቤቱን ሪፖርት አረመች። የራሷን አላሳደረችውም፣ ሌላ ዓይንም አላየውም። ያ ሌላ ዓይን እኔ ነበርኩ፤ እንቅልፍ ወስዶኛል። ሲቪዋ ውስጥ አንድ ፊደል ተዘሎ በመገኘቱ “ለሙያው ጥንቃቄ የጎደላት” ተብላ ተጣለች።

7. አለመመረጧን የሚገልጸው ደብዳቤ ወጪ ደብዳቤ ስለሆነ ለእርማት ወደ እኔ ተመራ። ብቻዬን ላርመው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ቤት ወስጄ ከሌሎቹ መሐል ብሸጉጠውም አገኘችው። ማስመሪያዋን አነሳች፣ ከግርጌው ጀመረች፣ ስሟ ላይ ስትደርስ እንኳ እጇ አልቆመም። ስህተቱን ሁሉ ለቅማ ስታበቃ፣ “በል ጮክ ብለህ አንብብልኝ” አለችኝ። አነበብኩላት። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ደብዳቤውም እርስዎ ፈርመውበት፣ ያለ አንዳች ስህተት ደርሷታል።

8. ከዚያ ወዲህ ለመሥሪያ ቤቱ አታርምም። እኔንም ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ አታናግረኝም። ስለዚህ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከዚህ መሥሪያ ቤት የወጡት ደብዳቤዎች በሙሉ የታረሙት በእኔ ብቻ መሆኑን፣ ከበላይ አካል ሲደወልልዎ ግራ እንዳይገባዎ በማሰብ ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ስለሆነም ረዳትነቱ ቀርቶ እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ ራሱ ለባለቤቴ እንዲሰጥ፣ እኔም መፍቻዬን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ እንድወጣ እንዲፈቀድልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ባልና ሚስት በአንድ መሥሪያ ቤት አይሠሩም የሚል መመሪያ ካለ፣ እስካሁንም በአንድ ደመወዝ ሁለት ሆነን ስናገለግል መቆየታችን ከግምት ይግባልኝ። የለም፣ አንዳችሁ መውጣት አለባችሁ ከተባለ ግን የምወጣው እኔ ነኝ። ቧንቧ የትም ያፈሳል፤ እሷ ግን የምትመለስበት ማተሚያ ቤት የላትም።

ከሰላምታና ከይቅርታ ጋር

(ፊርማ)
የቧንቧ ሠራተኛው፣
በመዝገብ ላይ የደብዳቤ አራሚ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ
(ለእርማት ሳይሆን እንድታውቀው)