የኋላ መብራቱ ላይ የለጠፍኩት ላስቲክ

ሉሊት፣
መኪናሽን እንዳትነጂ። የኋላ መብራቱ ላይ የለጠፍኩት ጥቁር ላስቲክ ብርሃኑን ውጦታል። ትናንት ፍሬን ስይዝ ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ለጥቂት ነው የሳተኝ። ተይ ብለሽኝ ነበር። የመብራቱን ስንጥቅ ፖሊስ እንዳያይብን ብዬ ነው የለጠፍኩት።

በፀጉር ማድረቂያሽ አሙቂና ከጥጉ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ላጪው። በቢላዋ እንዳትነኪው፣ እኔ ሞክሬ መብራቱን ጭሬዋለሁ።

ኮንየርስ ከተማ ሥራ የሄድኩት ከጴንጤው ከይገዙ ጋር በእሱ መኪና ነው። አዎ፣ ከእሱ ጋር። እዚያ አውቶቡስ አይደርስ። ማተብሽን በጥሺ እያለ እስክንደርስ ይሰብከኛል። ሀይዌይ ላይ በር ከፍቼ አልወርድ ነገር።

እሁድ ቸርቻቸው እንድመጣ ጠይቆኛል። ዛሬም እንቢ ካልኩት ነገ ማን ይወስደኛል?

እባክሽ ላስቲኩን ሳታነሺልኝ እንዳትተኚ፤ ነገ በመኪናሽ ልሂድ።

ብዙነሽ